ጫጩት አይጥ አይደለችም፦ የምግብ ፍላጎት ሙከራን የሚያበላሹ ስህተቶች

የአይጥን ውጤት ለጫጩት ማውረስ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ስንት ጊዜ ቢነገርም አይቀርም። «ግሬሊን የረሃብ ሆርሞን ነው» ሲባል የሰማ ጀማሪ ጫጩቷን አንጎሏ ውስጥ ይወጋትና መብሏ ሲቀንስ «መድኃኒቱ ተበላሽቷል» ብሎ ይደፋዋል። አልተበላሸም! አይጥን የሚያስርበው ግሬሊን ጫጩት አንጎል ውስጥ ሲገባ መብል ያስቀንሳል፤ የጭንቀት ምላሽን የሚያስነሳውን ሲአርኤፍ የተባለ፣ ሃይፖታላመስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል የሚወጣ ሆርሞን ስለሚቀሰቅስ ነው። አይጥን የሚያስበላው ኦሬክሲን የተባለው የአንጎል ኬሚካልም የጫጩትን መብል አይጨምርም። ሁሉም ተገላቢጦሽ ነው ብሎ መደምደም ደግሞ ሌላ ስህተት ነው፦ ኒውሮፔፕታይድ ዋይ የተባለው ሌላ የአንጎል ኬሚካል ጫጩትንም አጥብቆ ያስበላል። ሌፕቲን የተባለው የጥጋብ ሆርሞን ነገር ከዚህም ይወሳሰባል። መጀመሪያ የዶሮ ተብሎ የተመዘገበው ጂን የአይጡን እጅግ ስለሚመስል ለዓመታት አከራከረ፤ ትክክለኛው ሲገኝም በዶሮ ስብ ውስጥ እምብዛም የማይሠራ ሆነ። ስለዚህ ስብ በሌፕቲን በኩል ለአንጎል ጥጋብን ይናገራል የሚለውን ሥዕል እዚህ አታምጡት።

ጾሙን ሳያስቡበት መወሰን። መብል ይቀንሳል የምትሉትን ነገር የምትሞክሩ ከሆነ ጫጩቶቹን አስቀድማችሁ ለ3 ሰዓት ያህል ከመኖ አርቁ። ይጨምራል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ግን የጠገቡትን ውሰዱ። የተራበች ጫጩት ያለ መድኃኒትም የምትችለውን ያህል ስለምትበላ ጭማሪው አይታይም።

ብቻዋን ማስቀመጥ። ከጓደኞቿ የተለየች ጫጩት ትጮኻለች፣ ትጨነቃለች፣ መኖውን ትተወዋለች። ለየብቻ ማድረግ ግድ ከሆነ እርስ በርስ ይተያዩ፣ ይደማመጡ፤ ከሙከራው በፊትም ለጥቂት ቀናት በእጅ መያዝን ይልመዱ። አለዚያ የምትለኩት ድንጋጤን ነው።

በተፈለፈሉበት ቀን መጀመር። ሆዳቸው ውስጥ ገና ያልተሟጠጠ አስኳል አለ፤ መጠኑም ከአንዷ አንዷ ይለያል። ከ4ኛው ቀን ወዲህ ያለው ይሻላል።

የሥጋና የእንቁላል ዶሮ ጫጩቶችን መቀላቀል። በፍጹም።

ቅዝቃዜን መርሳት። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያስፈልጋቸዋል። ከበረዳቸው ተጠጋግተው ይቆማሉ እንጂ ወደ መመገቢያው አይሄዱም።

የፈሰሰውን እንደተበላ መቁጠር። ጫጩት መኖ ትበትናለች። ከመመገቢያው ሥር ወረቀት አንጥፉ፤ በ30ኛው፣ በ60ኛውና በ120ኛው ደቂቃ መመገቢያውን ስትመዝኑ ወረቀቱ ላይ ያለውንም መዝኑ። ኩስና ውኃ የነካው መኖ ክብደቱ ስለሚጨምር ተጠንቀቁ።

መርፌው የት እንደገባ አለማረጋገጥ። ከመድኃኒቱ ጋር ሰማያዊ ቀለም ይቀላቀል፤ ማነጻጸሪያው ቡድንም ያንኑ ቀለም የያዘ የጨው ውኃ በእኩል መጠን ይወጋ። ከሙከራው በኋላ አንጎሉ ሲከፈት ቀለሙ በፈሳሽ በተሞላው ክፍተት ውስጥ ካልታየ የዚያች ጫጩት ቁጥር ይሰረዛል፤ ውጤቱ የቱንም ያህል ቢያምር።

የደም ስኳርን በሰው ሚዛን መፍረድ። በዴሲሊትር ከ200 ሚሊግራም በላይ ሲታይ «ስኳር በሽታ» የሚል አይጠፋም። ለጤነኛ ጫጩት የተለመደ ነው።