ኢንዶሜትሪዮሲስን በአልትራሳውንድ እንዴት ማየት ይቻላል?

«የወር አበባ ነው፣ ስትወልጂ ይተውሻል።» ይህን ስንቶቻችን ሰምተናል! ግን ህመሙ አልጋ ላይ የሚያውል፣ ሰገራ ስትወጪ ወይም በግንኙነት ጊዜ የሚወጋ ከሆነ ኢንዶሜትሪዮሲስ ሊሆን ይችላል። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ህዋስ ከማህፀን ውጪ ሲበቅል የሚመጣ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉት ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ አለባቸው ይላል።

ከቀጠሮሽ በፊት ህመሙን ወረቀት ላይ መዝግቢ። የት ጎን ነው? የወር አበባሽ ሊመጣ ስንት ቀን ሲቀረው ይጀምራል? ይህችን ወረቀት ለሚመረምርሽ ሰው ስጪ፤ የት አተኩሮ እንደሚያይ ትነግረዋለች።

ቀጥሎ የምርመራውን ዓይነት ጠይቂ። ብዙዎቻችን የምናውቀው ውሃ ጠጥተን፣ ሽንት ይዘን ሆዳችን ላይ የሚደረገውን ነው። ለዚህ በሽታ ግን በብልት በኩል የሚደረገው ይመረጣል፤ መሣሪያው ለማህፀን ስለሚቀርብ አጥርቶ ያሳያል። ቀጭን ነው፣ ኮንዶም ይደረግለታል፣ ጄል ይቀባል። ግንኙነት ፈጽመሽ የማታውቂ ከሆነ ቀድመሽ ተናገሪ፤ በሆድ ወይም በፊንጢጣ በኩል ማየት ይቻላል።

አልጋው ላይ ከወጣሽ በኋላ መርማሪው መጀመሪያ ማህፀንሽንና እንቁላል የሚያመርቱትን ሁለቱን ኦቫሪዎች ያያል። «ቸኮሌት ሲስት» የሚባለው፣ ኦቫሪ ላይ የሚወጣው አሮጌ ደም የያዘ ከረጢት ካለ፣ በብርድ ጠዋት መስታወት ላይ እንደሚያርፍ ጉም ግራጫ ሆኖ ይታያል። ከዚያ መሣሪያውን ገፋ እያደረገ የሚያምሽን ቦታ ይፈልጋል። እባክሽ እዚህ ጋ ጥርስሽን ነክሰሽ ዝም አትበይ። «እዚህ ጋ!» ማለትሽ ራሱ የምርመራው አካል ነው።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል፣ እኔ ግን አጥብቄ የምለው እሱን ነው። ማህፀኑ በቀስታ ሲገፋ ከጀርባው ያለው አንጀት ላይ ተንሸራትቶ ማለፍ አለበት። ሁለቱ ተያይዘው ከተንቀሳቀሱ ተጣብቀዋል ማለት ነው። ይህ በቆመ ፎቶ አይታወቅም፤ ስክሪኑ ላይ ሲንቀሳቀስ መታየት አለበት። በመጨረሻ ፊኛው፣ አንጀቱና ከማህፀን ጀርባ ያሉት ጅማቶች ላይ ጠጠር ያለ እብጠት ይፈለጋል። ኩላሊትሽም ይታይ። በሽታው ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደውን የሽንት ቱቦ ምንም ሳያሳምም ሊዘጋ ይችላል።

ውጤቱ «ኖርማል» ቢልስ? በሽታው የለብሽም ማለት አይደለም። ላይ ላዩን የተበተነው ስስ ዓይነት በአልትራሳውንድ ብዙውን ጊዜ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአውሮፓ ሐኪሞች መመሪያም ይህንኑ ይላል፤ ህክምና ለመጀመር በሽታው የግድ በቀዶ ጥገና እስኪረጋገጥ መጠበቅ እንደማያስፈልግም ያስቀምጣል። ስለዚህ ሪፖርቱን ይዘሽ ወደ ማህፀን ሐኪምሽ ተመለሽና «ህመሜ ግን አልቆመም፣ ቀጥሎ ምን እናድርግ?» በዪ።