አውትሉካችሁን አፕዴት አድርጉት

«የማላውቀውን ሊንክ አልነካም፣ እኔን ምን ያገኘኛል?» የምትሉ አላችሁ። ጥሩ ልማድ ነው፣ ግን ሁሌ አያድንም።

እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ማይክሮሶፍት በኢሜይል ፕሮግራሙ በዊንዶውስ አውትሉክ ላይ አንድ ክፉ ቀዳዳ ደፈነ። ነገሩ እንዲህ ነው። የቀጠሮ ማስታወሻ ሰዓቱ ሲደርስ አውትሉክ ድምፅ ያሰማል አይደል? የድምፁ ፋይል የት እንዳለ ላኪው ራሱ መጻፍ ይችል ነበር። አጥቂው ታዲያ የራሱን ሰርቨር አድራሻ ይጽፍበታል። አውትሉክም የዋህ ነው፣ ድምፁን ላምጣ ብሎ ወደዚያ ሲሄድ ከፓስወርዳችሁ የተሠራውን የመግቢያ ማረጋገጫ ይዞ ይሄዳል። መክፈት የለ፣ መጫን የለ። መልእክቱን ሳታዩት ነገሩ ያልቃል። በስልክ፣ በማክና በብራውዘር የሚሠራው አውትሉክ ግን ይህ ችግር አልነበረበትም።

ስለዚህ አሁኑኑ አውትሉክን ክፈቱ። ፋይል፣ ቀጥሎ ኦፊስ አካውንት፣ ቀጥሎ አፕዴት ኦፕሽንስ ግቡና አፕዴት ናው የሚለውን ጫኑ። ሱቅ ወስዳችሁ ያስጫናችሁት ክራክ ኦፊስ ከሆነ አፕዴቱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። እሱ ላይ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ከምትከፍቱ በብራውዘር ብትገቡ ይሻላል። ኦፊስ 2016 እና 2019ም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ድጋፋቸው አብቅቷል።

የቢሮ ኔትወርክ የምትይዙ ደግሞ በፖርት 445፣ ማለትም ዊንዶውስ ከሌላ ሰርቨር ፋይል በሚያመጣበት በር፣ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣውን ትራፊክ ዝጉት።