ማግኔት የሚቋቋም መካኒካል የእጅ ሰዓት፦ አመራረጡ፣ አፈታተሹና አያያዙ

ጥሩ መካኒካል ሰዓት በቀን ጥቂት ሰከንዶች ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ጤነኛ ነው። ሳይወድቅ፣ ውኃም ሳይገባበት በድንገት በቀን በርካታ ደቂቃዎች መቅደም ከጀመረ ግን በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ማግኔት ነው። የሰዓቱን ምት የምትወስነው እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥምዝ ሞላ ስትሆን፣ በተለመዱት ሰዓቶች ውስጥ የምትሠራው ማግኔት በተወሰነ ደረጃ ከሚይዘው የብረትና የኒኬል ቅይጥ ነው። ጥምዞቿ ማግኔት ሲይዛቸው እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ የሞላዋ ርዝመት ያጠረ ያህል ስለሚሆንም ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ጊዜውን የሚቆጥረው የሚዛን ጎማ ይቸኩላል።

ይህን ለመከላከል የሰዓት ፋብሪካዎች በሁለት መንገድ ሄደዋል። የመጀመሪያው መንገድ ሞተሩን (ሰዓቱን የሚያስኬደውን የውስጥ ክፍል) ለስላሳ ብረት በሚባለው ውስጠኛ ሽፋን ማቀፍ ሲሆን፣ የማግኔቱ ጉልበት ሞተሩን ትቶ በሽፋኑ ዙሪያ ያልፋል። አይደብልዩሲ የተባለው ፋብሪካ በ1955 ያወጣው ኢንጂነር የተባለ ሰዓት እና ሮሌክስ በ1956 ያወጣው ሚልጋውስ የተባለ ሰዓት የዚህ ወገን ናቸው፤ ሚልጋውስ ስሙ እንደሚያመለክተው (ሚል በፈረንሳይኛ ሺህ ማለት ነው) እስከ 1,000 ጋውስ እንዲቋቋም የታሰበ ነው፤ ጋውስ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለተኛው መንገድ ሞላዋን ራሷን ማግኔት ከማይዘው ሲሊከን መሥራት ነው። ኦሜጋ በ2013 ከ15,000 ጋውስ በላይ የሚቋቋም ሞተር ያቀረበው በዚህ ዘዴ፣ ሌሎቹንም ክፍሎች ማግኔት ከማይዙ ቅይጦች በመሥራት ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ ማግኔት ይቋቋማል ተብሎ እንዲጻፍበት ዓለም አቀፉ መስፈርት ከአንድ ሰዓት የሚጠይቀው በሜትር 4,800 አምፔር፣ ማለትም 60 ጋውስ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚገዛ ሰው ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ብቻ አይቶ ከመርካት ይልቅ ቁጥሩን ቢጠይቅ ይሻለዋል። ለእኔ አቅሙ ላለው ሰው የሲሊከኑ መንገድ ይበልጣል፤ የብረት ሽፋን ከልኩ ያለፈ ማግኔት ሲመጣበት ያሳልፋልና።

አዳማ ውስጥ ብዙ ሰው የሚፈራው ከተማዋን ከኮረብታ ላይ የሚያዩትን የነፋስ ተርባይኖች ነው። ፍርሃቱ መሠረት የለውም፤ የማግኔት ጉልበት ከርቀት ጋር እጅግ በፍጥነት ይደክማል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። ሰዓትን የሚጎዳው አጠገቡ ያለው ነው፦ የስልክ መሸፈኛ መቆለፊያ፣ የቦርሳ ማግኔት፣ ከባጃጅ የኋላ ወንበር ጀርባ የተገጠመ ስፒከር። ሌሊት ሰዓቱን ከስልክ ላይ ደርቦ የማስቀመጥ ልማድ መቅረት አለበት፤ አንድ ስንዝር ያህል ማራቅ ይበቃል። በያጅ ግን ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን ገመድ በእጁ ስለሚይዝ ሰዓቱን አውልቆ ይሥራ። በኃይለኛ ማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሣው የሆስፒታል መሣሪያ ያለበት የኤምአርአይ ክፍል ደግሞ የሰዓቱ ቁጥር ምንም ይሁን ምን ሰዓት ታስሮ አይገባም።

ለፍተሻ የሚያስፈልገው አንድ ተራ ኮምፓስ ነው። ኮምፓሱን ብረት ከሌለበት የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና መርፌው እስኪረጋ ይጠብቁ፤ ከዚያ ሰዓቱን በዝግታ ወደ መርፌው ጫፍ እያስጠጉ ያዟዙሩት። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፦ መርፌው መሳቡ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ማግኔት ያልያዘ ብረትም መርፌ ይስባል። ቁርጥ ያለው ምልክት የሰዓቱ አንዱ ጎን ያንኑ የመርፌ ጫፍ ሲስብ ሌላው ጎን ሲገፋው ነው። የብረት ሽፋን ያለው ሰዓት ከሆነ ኮምፓሱ ውስጡን በትክክል ስለማያሳይ፣ ሰዓቱን ከስልክ ሰዓት ጋር አስተካክሎ ከ24 ሰዓት በኋላ ልዩነቱን ማየት የተሻለ ነው።

ማግኔቱን ለማስለቀቅ ሰዓት ሠሪዎች ዘንድ የሚገኘው፣ በ220 ቮልት የሚሠራው ትንሽ ሳጥን ይበቃል። ሰዓቱን ሳጥኑ ላይ ያኑሩ፤ ቁልፉን ተጭነው ሳይለቁ ሰዓቱን ክንድ እስኪያህል ድረስ በዝግታ ወደ ላይ ያንሱት፤ ቁልፉን የሚለቁት ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። የመብራታችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 100 ጊዜ አቅጣጫውን ስለሚለዋውጥ ማግኔቱ ወዲያና ወዲህ እየተገለበጠ፣ ሰዓቱ በራቀ ቁጥር እየደከመ ይጠፋል። ሰዓቱ ገና ሳጥኑ ላይ ሳለ ቁልፉ ቢለቀቅ ወይም መብራት ድንገት ቢጠፋ ግን በዚያች ቅጽበት የነበረው ጉልበት ሰዓቱ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ መብራት ሲመለስ ሥራውን ከመጀመሪያ መድገም ነው። ሳጥኑ ቶሎ ስለሚግል ከጥቂት ሰከንዶች በላይ አይጫኑት።

ሰዓቱ ለጥገና የሚከፈት ከሆነ፣ ሽፋን ያለው ሰዓት ባለቤት አጠገቡ ቆሞ ይከታተል። ከውጪው ክዳን ሥር ያለው ሁለተኛው የብረት ክዳን እንደ ትርፍ ተቆጥሮ ከመሳቢያ ውስጥ ቢቀር ሰዓቱ እንደ ወትሮው ይሄዳል፤ መከላከያው ግን ጠፍቷል። ስለዚህ ሰዓት ሠሪውን የውጪውን ክዳን ከመግጠሙ በፊት ውስጠኛው ክዳን መመለሱን እንዲያሳይዎ ይጠይቁት።