አስቤዛ ሲጠብ ሽሮውን አታቅጥኑት

ኑሮ ሲከብድ መጀመሪያ የሚጎዳው ወጡ ነው። እንጀራው እንዳለ ይቀጥላል፣ ሽሮው ውስጥ ግን ውሃ ይበዛል፤ ሆድ ይሞላል፣ ልጆች ግን የሚያድጉበትን አያገኙም። ተቃራኒውን አድርጉ። ጤፉ ላይ ማሽላ ወይም በቆሎ ቀላቅላችሁ ጋግሩና በተረፈው ብር ጥራጥሬ ግዙበት። ሥጋ በሌለበት ቤት ፕሮቲኑ ከዚያ ነው የሚመጣው፤ ከእንጀራ ጋር ሲበላ ደግሞ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል።

የተፈጨ ሽሮ በኪሎ ከምትገዙ እህሉን ከሸማቾች ወይም ከእሁድ ገበያ ገዝታችሁ አስፈጩ። ለአንድ ቤት ከበዛ ከጎረቤት ጋር ተካፈሉ። ሽምብራው፣ አተሩና ባቄላው በደንብ ይለቀም፣ ይታመስ፣ ይከካ፤ ከዚያ በርበሬውን፣ የደረቀውን ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማውን እንደየቤታችሁ ልክ ጨምራችሁ ወፍጮ ቤት ውሰዱት። ያለፋል፣ እውነት ነው፤ ግን አንዴ ከተሰናዳ ለወራት ይሄዳል።

እዚህ ላይ አደራ የምለው ስለ ጓያ ነው። ድርቅ ስለሚችል በችግር ጊዜ አይጠፋም፣ ዋጋውም ረከስ ይላል፣ ስለዚህ እርካሽ ሽሮ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ በብዛት ከተበላ እግር ሽባ ያደርጋል፣ ጉዳቱም አይድንም። ዋጋው በጣም የወረደ ሽሮ ካያችሁ ምን ምን እንዳለበት ሳትጠይቁ አትግዙ። እኔ ቤት ማሰናዳቱን የምወደው በዋናነት ለዚህ ነው፤ የገባበትን ታውቁታላችሁ።

አትክልቱ ቀላል ነው። አመሻሽ ላይ ጉሊት ብቅ በሉ፣ ባለጉሊቷ ለነገ ከምታሳድረው ቀንሳ ትሰጣችኋለች። ጎመኑን ሳትከትፉ እጠቡት፣ ብዙ አታብስሉት፣ ትንሽ ዘይት ግን አይጥፋበት፤ ቫይታሚን ኤው ያለ ቅባት ሰውነት ውስጥ በደንብ አይገባም። የቀይ ስር ቅጠል አትጣሉ፣ እንደ ጎመን ይሠራል።

ምስር ወጥ ስትበሉ አንድ ፍሬ ቃሪያ ወይም ከጎን ትንሽ ሰላጣ ሎሚ ተጨምቆበት ቢኖር ጥሩ ነው፣ ምስሩ ውስጥ ያለውን አይረን ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ያግዛል። ቡናና ሻይ ደግሞ ይከለክሉታል። ቡና ተዉ አልልም፣ ማን ይሰማኛል፤ ግን በተለይ እርጉዝ ካለች ወይም ደም ማነስ ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ ጀበናው ከምሳ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይቶ ይጣድ።