ላንቃው ተሰፍቷል፤ አጥንቱስ መቼ ይገጥማል?

ላንቃው ተሰንጥቆ ተወልዶ ቀዶ ሕክምና የተሠራለት ሕፃን ያላቸው ወላጆች መጀመሪያ የሚጠይቁት ይሄንን ነው። መልሱ አጭር ነው፦ በዚህ ቀዶ ሕክምና አጥንት አይገጠምም። አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ሲሠራ ሐኪሙ የላንቃውን ሥጋና ጡንቻ ከግራና ከቀኝ ስቦ መሃል ላይ ይሰፋዋል፤ ከላይ ያለው የአጥንት ክፍተት እንዳለ ቢቀርም ልጁ በደንብ ይበላል፣ ይናገራል። ድዱም ተሰንጥቆ ከሆነ የድዱ አጥንት የሚሞላው ቆይቶ ነው፤ ከ7 እስከ 11 ዓመት ገደማ፣ ክራንቻው ከመውጣቱ በፊት፣ ብዙ ጊዜ ከዳሌው በሚወሰድ አጥንት።

ስለዚህ አሁን የምትጠብቁት ስፌቱን ነው፣ ለ2 ወይም 3 ሳምንት።

ምግቡ ፈሳሽና ለስላሳ ይሁን፦ ወተት፣ እርጎ፣ የተጠለለ ሾርባ፣ ቀጠን ያለ አጥሚት፣ ሁሉም ለብ ያለ። ዳቦ፣ ብስኩትና ቆሎ ለጊዜው ይቅሩ። በኩባያ ጫፍ ቀስ እያላችሁ አጠጡት፤ ማንኪያ ወደ አፉ ውስጥ አታስገቡ። ጡትና ጡጦን በተመለከተ ሐኪሞች ስለሚለያዩ የሠራውን ሐኪም ጠይቁ። አያቶች ይቅር ይበሉኝና፣ ልጁ እምቢ አለ ተብሎ መጋት አይቻልም! በልቶ ሲጨርስ ጥቂት ውሃ ይጠጣ፣ አፉ ይጸዳል።

ከሳምንት በኋላ አፉን ስታዩ በጎንና በጎን ነጭ ወይም ቢጫ ነገር ሊኖር ይችላል፣ ትንሽ ይሸታልም። መግል መስሏችሁ አትደንግጡ። ሥጋው ወደ መሃል ሲሳብ በጎን ክፍት የቀረው ቦታ ነው፣ ራሱ ይሸፍነዋል። በጣት አትንኩት፣ ቅቤም ማርም አትቀቡት። እንጥል ለሚቆርጥ ሰው ማሳየትማ በፍጹም።

ጣቱንና መጫወቻ ወደ አፉ እንዳይከት የክንድ ማሰሪያ ከተሰጣችሁ ተጠቀሙበት፤ እየጠበቃችሁት አንድ በአንድ ፈታ እያደረጋችሁ እጁን አንቀሳቅሱለት። ማስታገሻው በክብደቱ ልክ፣ በታዘዘው ሰዓት ይሰጥ፤ ካላመመው ይጠጣልና። አስፕሪን አይሰጥም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ምራቁ ደም ቢቀላቀልበት ያጋጥማል። ደማቅ ደም ከፈሰሰ፣ ትኩሳቱ ከ38 ካለፈ፣ መተንፈስ ካቃተው፣ ወይም ምንም አልጠጣ ብሎ ሽንቱ ከቀነሰ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል።

ቁስሉ ድኖ ሲያበቃ ምግብ በአፍንጫው ከወጣ ትንሽ ቀዳዳ ቀርቶ ይሆናልና ለሐኪሙ ንገሩት። ጆሮውንም አስመርምሩ፤ እነዚህ ልጆች ብዙ ጊዜ ጆሯቸው ውስጥ ፈሳሽ ስለሚጠራቀም መስማት ይቸግራቸዋል፣ ያልሰማ ልጅ ደግሞ ንግግሩ ይዘገያል።