ውሃ ሲጠፋ የቻለ ዛፍ ውሃ ሲመጣ ለምን ይረግፋል? ችግርና መፍትሄ ለድሬና ለሐረር ግቢ

አፈሩን በጣት ቆፍሮ ማየት፣ ቅጠሉን ገልብጦ ተባይ መፈለግ፣ ግንዱ ሥር ምስጥ አለመኖሩን ማረጋገጥ ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው። ድሬ ላይ ችግኝ እሸጣለሁ። ደንበኛ የሚደውልልኝ ሲገዛ ሳይሆን ሲደርቅበት ነው። አብዛኛው ደግሞ የጎረቤቱን ተክል አይቶ ነው የሚፈርደው። የጎረቤትህ ሌላ ዝርያ ነው፤ ጥማት ሲመጣበት የሚያመነጨው ሆርሞንም ሆነ ሆርሞኑን የሚሰማበት መንገድ ይለያል።

ምልክት፦ ቀትር ላይ ይጠወልጋል፣ ማታ ይነሳል

ተክል ውሃ ሲያጥረው አብሲሲክ አሲድ የሚባል ሆርሞን ያመርታል። ይሄ ሆርሞን ቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያዘጋል። አንዱ ዝርያ ገና በጊዜ ይዘጋና ውሃውን ይቆጥባል፤ ግን ምግብ መሥራቱም አብሮ ይቀንሳል። ሌላው ከፍቶ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ይጠወልጋል። መጠውለጉ ብቻውን በሽታ አይደለም። ማታ ከተነሳ ተዉት። ጠዋት በጊዜ ስታዩት እንደወደቀ ከሆነ አጠጡት።

አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቲማቲም ከጠወለገና ማታም ካልተነሳ ጥማት አይደለም፤ ሥሩ በስብሷል ወይም በሽታ ገብቶበታል። ንቀሉት፣ ከግቢ አውጡት።

ምልክት፦ ውሃ ጠፍቶ ሰነበተ፣ ዛፉ ቻለው፤ ውሃ በመጣ በቀናት ውስጥ ቅጠሉ ረገፈ

አቦ፣ የኔን ስልክ የሚያጨናንቀው ይሄ ነው! ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ሎሚ። ውሃ በፈረቃ የሚደርስበት ሰፈር ሁሉ ታሪኩ አንድ ነው። ቧንቧው ይመጣል፣ ባለቤቱ በደስታ ጎማውን ግንዱ ሥር ጥሎ ይተኛል። ከዚያ ቅጠሉ መሬት ላይ ይነጠፋል። ሳቢያን ሰፈር ያሉ አንድ ጋሼ ውሃው ውስጥ የሚጨመረው መድኃኒት ነው ብለው ሮቷቸውን እስከማጠብ ደርሰዋል። ሐረር ደግሞ አንዲት እናት "ዓይን በልቶት ነው" ብለው ጎረቤት አኩርፈዋል።

ምክንያቱ ሥሩ ውስጥ ነው። በድርቁ ጊዜ መጀመሪያ አብሲሲክ አሲድ ሥሩ ላይ ይጠራቀማል። ቀጥሎ ኤሲሲ የሚባል ነገር ይከማቻል፤ የኤትሊን ጥሬ ዕቃ ነው። ኤትሊን ደግሞ ቅጠል የሚያረግፈው ሆርሞን ነው። ውሃ በሌለበት ኤሲሲው ወደ ላይ የሚወጣበት ጉዞ የለውም። ውሃ ሲደርስ ከውሃው ጋር ሽቅብ ይሄዳል፣ ቅጠሉ ጋ ሲደርስ ኤትሊን ይሆናል። ስለዚህ ቅጠሉን ያረገፈው ድርቁ ነው፤ ውሃው መልእክቱን አደረሰው እንጂ።

መጥፎው ነገር፣ ውሃ ያጥለቀለቀው ሥርም አየር አጥቶ ያንኑ ኤሲሲ ያመርታል። ጎማ ጥላችሁ ስታድሩ በድርቁ ላይ ሌላ ድርቅ ጨመራችሁበት ማለት ነው። ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ ደግሞ የሚጠጣው ውሃ ትንሽ ነው። አታጥለቅልቁት! ግንዱን ሳይሆን ከቅርንጫፉ ጫፍ በታች ያለውን መሬት አጠጡ፤ ላዩ እስኪደርቅ ጠብቁና ድገሙ።

ሞቷል ብላችሁ አትፍረዱ። የቀጭን ቅርንጫፍ ልጥ በጥፍር ፋቅ አድርጉ። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ። እንዲያውም የሚያሰጋኝ ቅጠሉ ደርቆ ሳይወድቅ የቀረው ነው፤ ቅጠል ለማራገፍ ሕያው ህዋስ ያስፈልጋል።

ዩሪያ አትበትኑ። አዲስ ቡቃያ እስኪያወጣ አትቁረጡ። ከዚራ ሰፈር አንድ ግቢ የተቀጠረው ሰው ዛፉን ግንዱ ብቻ እስኪቀር አራቆተው፤ የድሬ ፀሐይ ልጡን ጠብሶ ሰነጣጠቀው። ቅጠል የከዳውን ግንድ ኖራ ቀቡት። ሥሩ ዙሪያ ገለባ አልብሱ፤ ግንዱን ግን አይንካ። ዋናው መከላከያ ቀላል ነው፦ ውሃው ጠፍቶ ሳለ የአትክልት እጣቢ ውሃ እንኳ ቢሆን በየጊዜው ጠብ አድርጉለት፤ ሥሩ ጨርሶ አይድረቅ። የሳሙናውን ተዉት።

ከዚያ አበባ ያንበሸብሻል። አትፈንጥዙ፤ የዚህ ዘር ዛፎች ከጥማት በኋላ ማበብ ልማዳቸው ነው። የሲሲሊ ገበሬዎች ሎሚን ሆን ብለው አስጠምተው እንዲያብብ ያደርጉታል። ደካማ ዛፍ ከሆነ ግን ፍሬውን ቀንሱለት።

አሁን ስለ ዝርያ። የተዳቀለ፣ ማለትም በሌላ ዛፍ ሥር ላይ የተጣበቀ ብርቱካን ሲሆን ጥማቱን መጀመሪያ የሚያውቀው የታችኛው ሥር ነው፤ ያም ከላይኛው የተለየ ዝርያ ነው። ራንግፑር ሎሚ ላይ የተዳቀለ ድርቅ ይችላል። ትራይፎሊየት የሚሉት ሥር ቶሎ ይጎዳል። ስትገዙ "ሥሩ ምንድነው?" በሉ። ሻጩ ከሳቀ ሌላ ቦታ ሂዱ። የሥሩን ስም ሳያውቅ "ምርጥ ዝርያ" የሚል ነጋዴ ሞልቷል! ላስቲኩ ውስጥ ሥሩ ተጠቅልሎ የከረመ ችግኝም አትግዙ፤ ያ በየትኛውም ሆርሞን አይድንም።

ምልክት፦ ማሽላ ካበበ በኋላ ቅጠሉ ከታች ወደ ላይ ይደርቃል

ከአበባ በኋላ ውሃ ሲያጥር ብዙ ማሽላ ቶሎ ያረጃል፤ ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያቆየው ሳይቶካይኒን የተባለ ሆርሞን ይቀንሳል። አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ ዝርያ አለ። በዓለም ደረጃ በዚህ ባሕርይ የሚታወቀው ቢ-35 የተገኘው ከኢትዮጵያ ማሽላ ነው። ሚስጥሩ ገና ከአበባ በፊት ነው፤ ቅጠሉንና ቅርንጫፉን ቀንሶ ለኋላ ውሃ ያስተርፋል። እናንተ በዩሪያ አወፈራችሁት ማለት ያንን ውሃ ቀድሞ ይጨርሰዋል። ዝናቡ አጭር በሆነበት “መልካም” ወይም “ተሻለ” እንደተባሉት ዝርያዎች ቶሎ የሚደርስ ዝሩ፣ በትልሙ መሃል አፈር እየከተራችሁ ውሃ አቁሩ።

ምልክት፦ ማሳው ላይ ሐምራዊ አበባ ያለው አረም፣ ማሽላው እርጥበት እያለው የተጠማ ይመስላል

አቀንጭራ ነው፤ የማሽላውን ሥር ይዞ ውሃውን የሚጠጣ አረም። የማሽላው ሥር የሚያወጣው ስትሪጎላክቶን የተባለ ሆርሞን ነው የአረሙን ዘር የሚቀሰቅሰው፤ ፎስፈረስ ያነሰው መሬት ላይ ደግሞ ይብሳል። ጎቢዬና አብሽር አቀንጭራን እንዲቋቋሙ ተብለው የወጡ የማሽላ ዝርያዎች ናቸው፤ እዚህ ላይ የሠሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። አረሙን ዘር ሳይጥል ንቀሉ።