ልጆች የበዓል ገንዘባቸውን አስበው እንዲያወጡ ለማስተማር

በሰሜን ሸዋ ብዙ ልጆች የራሳቸውን ገንዘብ የሚይዙት በቡሄና በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው ስለሆነ፣ ትምህርቱን ከዚያ መጀመር ይመረጣል። ጨፍረው ያገኙትን ራሳቸው ይቁጠሩት። «ላስቀምጥልህ» ብሎ ተቀብሎ ለቤት ወጪ ማዋል፣ ብዙ ወላጅ የሚያደርገው ቢሆንም፣ ልጁን የሚያስተምረው ብሩ ሳይወሰድበት ቶሎ መጨረስን ነው።

ቀጥሎ ደብረ ብርሃን ገበያ ይዞ መውጣትና ሳይገዙ ዋጋ ብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ልጅቱ የደብተር ቦርሳ ከፈለገች፣ ቢያንስ ሁለት ሻጮችን ትጠይቅ፤ ዚፑን ደጋግማ ትክፈት፣ ትዝጋ፤ የማንገቻውን ስፌት ሳብ አድርጋ ትየው፤ ርካሹ ቦርሳ ኅዳር ላይ ቢበጠስ ሌላ መግዣ ከየት እንደሚመጣም ትጠየቅ። ዋጋ የምትከራከረው እሷ ናት፤ ወላጅ ከኋላ ቆሞ ዝም ይበል፣ ዝምታው ቢከብድም።

ልጁ ሁሉንም በማስቲካና በፊኛ ከጨረሰው መቆጣትም ሆነ መተካት አይገባም፤ የጎደለውን እርሳስ ሲያስብ ምርጫውን ራሱ ይመዝነዋል። የተረፈው በሳጥን ይቀመጥ፤ መጠኑ ከፍ ካለ በወላጅ በኩል የልጆች የቁጠባ ሒሳብ መክፈት ይቻላል፤ ደብተሩን ግን ልጁ እንዲያየው ይደረግ።